የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ የሄደው ንጉሥ

የስብከቱ ንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 28፥3-25፤ ኢሳይያስ 43፥1-7



ንጉሥ ሳኦል በሕይወቱ መጨረሻ ሌሊት ያደረገውን ስናነብ ዐይናችን ቶሎ ብሎ ወደ ዓይንዶር ሴትና ከምድር ወደ ወጣው ሽማግሌ ይሮጣል። ሳሙኤል በእውነት ወጣን ወይስ አልወጣም እያልን እንከራከራለን። በዚህ ክርክር የደከሙ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ አስቀድሞ በተጻፈች በአንዲት አጭር ነገር ላይ ልቆም እወዳለሁ። ሳኦል ከመሄዱ በፊት ልብሱን ለወጠ። የንጉሥነቱን ልብስ አውልቆ የሌላ ሰው ልብስ ለበሰ፤ ሁለት ሰዎችም ይዞ በሌሊት ሄደ።

እስኪ ነገሩን አስተውሉት። ፍልስጥኤማውያን በሱነም ሰፍረዋል፤ እስራኤልም በጊልቦዓ ተከማችቷል። የሳኦል ልብ እጅግ ተንቀጥቅጧል፤ ነገ ምን እንደሚደርስበት ሊያውቅ ይወዳል። ይህ ሰው ወደ ዓይንዶር የወረደው ስለ ራሱ ሊያውቅ ነው። ነገር ግን ስለ ራሱ ሊያውቅ ሲሄድ ራሱን ሸሸገ። በሴቲቱ ፊት የቆመው የቂስ ልጅ ሳኦል አልነበረም፤ ሳኦል በራሱ ስፍራ ያቆመው አንድ ስም የለሽ መንገደኛ ነበረ። ጥንቆላ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሰው ራሱን በእግዚአብሔር ፊት ማቆም በፈራ ጊዜ በራሱ ስፍራ የሚያቆመው ምትክ ይፈልጋል።

በፈረንጅ አገር ታሮት የሚሉት የካርታ ጥንቆላ አለ። ካርታዎቹ 78 ናቸው። መጀመሪያ የተሠሩት ለጨዋታ ነበረ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ በመሳፍንት ቤት ይጫወቱባቸው ነበርና። ዕድል መግለጫ ሆነው በሰፊው የታወቁት ከ300 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር ሲሆን፥ የጥንት ግብፃውያን ጥበብ ናቸው የሚለው ወሬም ያን ጊዜ የተነዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አርተር ዌይት የተባለ እንግሊዛዊ ጸሓፊ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተመለከተው፥ ካርታው ከመዘርጋቱ በፊት ጠያቂውን የሚወክል አንድ ካርታ ይመረጣል። ዕድሜው 40 የሞላና ያለፈው ወንድ በፈረሰኛው፥ ከዚያ በታች ያለው በንጉሡ ይወከላል፤ ከ40 ያለፈች ሴት በንግሥቲቱ፥ ያላለፈችው በአሽከሩ። የጠጉርና የዐይን ቀለም ደግሞ ካርታው ከ4ቱ ወገኖች ከየትኛው እንደሚወጣ ይወስናል። በዚህ ሕግ ብንሄድ እኛ የደጋ ሰዎች ሁላችን ጠጉራችንም ዐይናችንም ጥቁር ነውና መላው ማኅበረ ምእመናን ወደ አንዱ ወገን ተጠቅልሎ በገባ ነበር። ሰውን ለማወቅ የወጣው ጥበብ ሰውን የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፥ እኛን አይመለከተንም የሚል ቢኖር ቤቱን ይመልከት። በእኛ አገር ኮከብ ቆጣሪው ዐውደ ነገሥትን ገልጦ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድር ነው? ስምህንና የእናትህን ስም አይደለምን? ለየፊደሉ ቍጥር ይሰጣል፤ የልጁንና የእናቲቱን ቍጥር ደምሮ 12 12 እያደረገ ይገድፋል፤ የቀረውም ኮከብህ ነው ይልሃል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ስለ አንተ አይደለም፤ ስለ ሐመል ወይም ስለ ሠውር፥ ስለ አሰድ ወይም ስለ ሑት ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ የከዋክብት ስሞች የዓረብኛ ስሞች ናቸው። አባቶቻችን የደበቁት የአገር ምሥጢር ነው እየተባለ የሚፈራው ሒሳብ የጎረቤትን ቋንቋ የሚናገር ሒሳብ ነው።

ከድንበሩ ማዶም እንደዚሁ ነው። በሱዳን አገር ዛጎል የሚጥሉ ሴቶች አሉ፤ ዛጎሉንም ወዳዕ ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 7 ነው። በዓባይ ሸለቆ አገሮች በብዙ ስፍራ ጠያቂው ዛጎሉን ወደ አፉ አስጠግቶ የልቡን ሐሳብ ያንሾካሹክለታል፤ ሴቲቱም መልሳ በአሸዋው ላይ ትበትነዋለች። እስትንፋሱን የተቀበለው ዛጎል ስለ እርሱ ይወድቃል፤ ስለ እርሱም ይነበባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ21ኛው ምዕራፍ የባቢሎን ንጉሥ በመንገድ መለያያ ላይ ቆሞ ፍላጻዎችን ሲወዘውዝ፥ የታረደውንም ከብት ጉበት ሲመለከት ያሳየናል፤ አንደኛው መንገድ ወደ አሞን ከተማ ወደ ረባት፥ ሁለተኛውም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስድ ነበረ። ሞራ ገላጭ በሚታወቅበት አገር ያደገ ሰው ይህን ምዕራፍ ለማስተዋል አስተርጓሚ አያሻውም።

ወንድሞች ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ልናላግጥ ግን አይገባንም። ወደ ጠንቋይ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ከክፋት ሳይሆን ከጭንቀት ነው። ከመተማ ወደ ጋላባት፥ ከጋላባት ወደ ዶካ፥ ከዶካ ወደ ገዳሪፍ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ ቤት በጎንደር አገር ጥቂት ነው። በገዳሪፍ ምድር በ1937 ዓ.ም ገደማ ሰፊው የትራክተር እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ለአረም፥ ለማሽላና ለሰሊጥ አጨዳ ስንቱ የደጋ ልጅ ወርዷል! ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋልና በመከር ጊዜ እጅ ሁሉ ይፈለጋል። በ1977 ዓ.ም በረኀቡ ዘመን ኡም ራኩባ የስደተኛ ሰፈር ሆነ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የወጡ ቤተ እስራኤልም በዚያ ምድር ተራቸውን ሲጠብቁ ብዙዎች በበሽታ አለቁ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተከዜንና ድንበሩን ተሻግሮ በሐምዳይት በኩል ገባ፤ ያው ኡም ራኩባ እንደ ገና ተከፈተ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናዊውም ከዚያ የሚኖረው ወገናችንም ወደ መተማ ሸሸ፤ የካርቱም ሰውም በገዳሪፍ ተጠለለ።

በዚህ መንገድ ላይ ወሬው የጠፋ ልጅ ያላት እናት ምን ታድርግ? ኮከብ ቆጣሪው የሚጠይቃት ሁለቱ ስሞች፥ የልጅዋና የራስዋ፥ ሁለቱም በእጅዋ ናቸው። ልጁ ራሱ ሊቀርብ አይችልም፤ ስሙ ብቻ ይቀርባል። ብር ትከፍላለች፤ እርሱም ቈጥሮ ገድፎ ልጅሽ በሕይወት አለ፥ ነገር ግን የታሰረ ነው ይላታል። ወይም በውሃ አጠገብ ነው ይላታል። ይህ ቃል እውነት ይሁን ሐሰት ልትመረምረው አትችልም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር እንደ ገና ትሄዳለች። የጥንቆላ ገበያ የሚቆመው በዚህ ነው። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ ያደረባት ገረድ ለጌቶችዋ ብዙ ትርፍ ታመጣ እንደ ነበረ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ 16 ይነግረናል፤ ነጻ በወጣች ጊዜም ጌቶችዋ ያዘኑት ትርፋቸው ስለ ቀረ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። ምትኩ ለጠያቂው ብቻ አይቆምም። ለአንተ አንድ ዛጎል ከተለየ በአጠገቡ የወደቀው ሁለተኛው ዛጎል ደግሞ ለሌላ ሰው ይቆማል፤ ያም ሰው ጠላትህ ይባላል። ጠይም ሰው፥ ከቤትህ በስተ ምሥራቅ የሚቀመጥ፥ እጁን የዘረጋብህ ይሉሃል። አንተም ወደ ቤትህ ስትመለስ ከደጃፍህ በስተ ምሥራቅ የሚኖረውን ጎረቤትህን ታየዋለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው መርዝ ይሆንብሃል፤ እርሱም ለምን እንዳኮረፍኸው አያውቅም። በአገራችን ኮከባቸው አልገጠመም ተብሎ ስንት ጋብቻ ፈርሷል! ቡዳ ነው ተብሎ ስንት ባለ እጅ ከጉባኤ ተለይቷል! በስደት ሰፈር፥ ድንኳን ለድንኳን ተጠጋግቶ በሚኖርበት፥ ሰው ሁሉ የጎደለበትን በሚፈልግበት ስፍራ ደግሞ ይህ ቃል እንደ እሳት ነው። ራሱን በምትክ የለወጠ ሰው ባልንጀራውንም በምትክ ለውጦ ያየዋል።

ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ ለሚለው ትእዛዝ ፍቺ ሲሰጥ፥ በስሙ መርገምን፥ መሐላንና ሐሰትን ከከለከለ በኋላ ጥንቆላንም በዚያው ያስገባዋል። ለምን በዚህ ትእዛዝ አስገባው ብሎ የሚጠይቅ ካለ የገዛ ቋንቋችን ይመልስለታል። አስማት ማለት በግእዝ ስሞች ማለት ነው። ጥንቆላ ከመጀመሪያው የስም ነገር ነው፤ ስም ተይዞ ሰው የሚያዝበት፥ የእግዚአብሔርም ስም እንደ ቍልፍ የሚዞርበት ሥራ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ በልቡ፥ ሐዋርያት ስለ ማትያስ ዕጣ አልተጣጣሉምን ይል ይሆናል። አዎን፥ ተጣጥለዋል። ነገር ግን ሁለቱን ሰዎች በስማቸው በጌታ ፊት አቆሙ፤ ልብን ሁሉ የምታውቅ ብለው ጸለዩ፤ የጠየቁትም ስለ ነገው ዕድል ሳይሆን ይህን አገልግሎት የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ነው። ማንም ራሱን አልሸሸገም። ደግሞም መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ ሐዋርያት ዕጣ ጣሉ የሚል ቃል በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ዳግመኛ አናገኝም።

ይልቅስ ይህን ጥያቄ ስለ ራሳችን እንጠይቀው። ጠንቋይን የምናወግዝ እኛ መጽሐፍ ቅዱስን ዐይናችንን ጨፍነን እየገለጥን፥ ጣታችን ያረፈበትን ቃል የዛሬ ዕድሌ ነው የምንል አይደለንምን? ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በስልክ ቢደውልልን፥ የጠጉራችንን ቀለም ሳያይ የሚናገረውን ሰምተን ገንዘብ የምንልክ የለንምን? በሄርንሁት ያሉ ወንድሞች ከ1731 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዕለቱ የሚሆን የመጽሐፍ ቃል በዕጣ እያወጡ ያሳትማሉ፤ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያ ቃል የሚሰጠው ለማኅበሩ ሁሉ አንድ ሆኖ ነው፥ እንዲሰሙትና እንዲያሰላስሉት እንጂ ሰው ሁሉ የየራሱን ዕድል እንዲያነብበት አይደለም። የእግዚአብሔር ቃል ዛጎል አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሳኦል እንመለስ። መጽሐፍ ሳኦል እግዚአብሔርን በጠየቀ ጊዜ በሕልምም በኡሪምም በነቢያትም እንዳልመለሰለት ይናገራል። የዜና መዋዕል ጸሓፊ ግን በአንደኛው መጽሐፍ በ10ኛው ምዕራፍ መናፍስት ጠሪን ጠየቀ እንጂ እግዚአብሔርን አልጠየቀም ይላል። ይህ እንዴት ይስማማል? እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ። ሳኦል ስለ ጦርነቱ ጠየቀ፤ ስለ ራሱ ግን አልጠየቀም። ስለ ራሱ የተነገረው ቃል በ15ኛው ምዕራፍ ከአማሌቅ ድል በኋላ ተነግሮት ነበረና፤ ያንንም ቃል ሊቀበለው አልወደደም። እግዚአብሔር ዝም ያለ የሚመስለን ብዙ ጊዜ የተናገረውን ወደ ኋላ ጥለን አዲስ ስንፈልግ ነው። በዓይንዶር ሳሙኤል የተናገረውን አንብቡ፤ ከቀኑ በቀር አዲስ ነገር የለበትም። ሳኦል ያን ሁሉ መንገድ በሌሊት የሄደው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሊሰማ ነበረ።

ልብስ የለወጠ ሌላ ሰው ደግሞ እናውቃለን። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፥ በእጁና በአንገቱ የጠቦት ለምድ አድርጎ በዕውር አባቱ ፊት ቆመ። ማን ነህ ተብሎ ሲጠየቅ የወንድሙን ስም ተናገረ። በረከቱን ወሰደ፤ ነገር ግን 20 ዓመት በሰው አገር ስደተኛ ሆነ። ወደ አገሩ ሲመለስ በያቦቅ መሻገሪያ፥ በሌሊት፥ ወንዝ ዳር ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ የታገለው እርሱ ስሙን ጠየቀው። ያ ጥያቄ ያንኑ የአባቱን ጥያቄ ይመስላል። ያዕቆብም በዚህ ጊዜ ያዕቆብ ነኝ አለ። አታላይ የሚለውን የራሱን ስም ሳይሸሽግ ተናገረ፤ በዚያም አዲስ ስም ተቀበለ፤ በዚያም ተባረከ። ድንበር የተሻገራችሁ ወንዝም የተሻገራችሁ ወገኖቼ፥ ይህ ታሪክ ስለ እናንተ ጭምር ተጽፏል።

ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምንም ወኪል የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አለው። በዘጸአት 28 አሮን ወደ መቅደስ ሲገባ የ12ቱን ነገድ ስም በዕንቍ ላይ ተቀርጾ በደረቱ ላይ ይሸከም ነበረ። ኮከብ ቆጣሪውም 12 አለው፤ ግን የኮከብ ቆጣሪው 12 ሰውን ወደ ሌላ ስም ይለውጠዋል፤ አሮን የተሸከማቸው 12 ስሞች ግን የየራሳቸው ነበሩ፤ ሮቤል ሮቤል ነበረ፥ ስምዖንም ስምዖን። የእኛ ሊቀ ካህናት ኢየሱስ ክርስቶስም እንዲሁ ነው። በእኛ ስፍራ ቆመ፤ ነገር ግን እኛ አልመረጥነውም፥ እርሱ መረጠን። እንደ ካርታ የእኛን መልክ አልገመተም፤ ሥጋችንን ወሰደ፤ ኀጢአታችንን በስሙ አስቈጠረ፥ ጽድቁንም በስማችን። ኢሳይያስ በ43ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር እስራኤልን በስሙ እንደ ጠራውና የእርሱ እንደ ሆነ፥ በውሃ ሲያልፍም አብሮት እንደሚሆን ይናገራል። በጥምቀታችሁ ቀን አገልጋዩ ስማችሁን ጠርቶ ያን ስም ከአብ ከወልድ ከመንፈስ ቅዱስ ስም ጋር ባጠመቃችሁ ጊዜ የተደረገው ይህ ነው። ማንም ገድፎ የሚያወጣው ሌላ ቀሪ የለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ቤት ተሰርቀው የተሸጡ፥ በምጽዋ ነጻ የወጡ፥ በዚያም ተጠምቀው አናሲሞስ የተባሉ ናቸው። በ1874 ዓ.ም ከስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቻቸው ወደ ኦሮሞ አገር ሊገቡ ሞክረው ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ፥ በዓባይ ዳር እስካለው ድንበር ደረሱ። መንገዱ ተዘጋ፤ የጉዞው መሪ አሬኒየስ በዚያ ሞቱ፤ አናሲሞስም ታመው ወደ መጡበት ተመለሱ። የባቢሎን ንጉሥ እንደ ቆመ እርሳቸውም በመንገድ መለያያ ቆመው ነበረ። ነገ መንገዱ ይከፈት እንደ ሆነ የነገራቸው ማንም አልነበረም። ስለዚህ በእጃቸው ያለውን ሥራ ያዙ፤ ወደ ትርጕም ተመለሱ፤ አስቴር ጋኖም ብዙ ረዳቻቸው። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1891 ዓ.ም ታተመ። ወደ ነቀምት የገቡት ግን በ1896 ዓ.ም ነው፥ ድንበሩ ላይ ከተመለሱ ከ22 ዓመት በኋላ። ያ ሁሉ ዓመት ሳያውቁ ሠሩ።

በስደት ሰፈር የኖራችሁ የራሽን ካርድን ታውቃላችሁ። ያም ሰውን የሚወክል ካርድ ነው፤ የቤተ ሰቡ ቍጥር ተጽፎበት፥ በማሽላውና በዘይቱ ሰልፍ ላይ ስለ እናንተ ይቆማል። ነገር ግን እኔ ዕድልህን አውቃለሁ አይልም። የሚለው፥ ይህ ቤት 5 ሰው አለው፥ ለ5 ሰው ስፈሩለት ብቻ ነው። በዓይንዶርም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። ሳኦል ቀንና ሌሊት እህል ሳይቀምስ በምድር ላይ በረዥሙ ተዘርሮ በወደቀ ጊዜ፥ ያቺ ሴት ጥንቆላዋን ትታ የወደቀ ሰው አየች። እንዲበላ ለመነችው፤ በቤትዋ የነበረውን የሰባ ጥጃ አረደች፤ ቂጣም ጋገረች። ለሳኦል በዚያች ሌሊት የተደረገለት ምሕረት ይህ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በተሸሸገው መንገደኛ ሳይሆን በተራበው በሳኦል ላይ ተደረገ።

ስለዚህ የማኅበራችን ሽማግሌዎች እንዲህ ወስነናል። ልጁ ወደ ገዳሪፍና ወደ ድንበሩ ወርዶ ወሬው የጠፋበት ሁሉ የልጁን ስም በወረቀት ጽፎ ከሚመጣው እሑድ በፊት ለአንዱ ሽማግሌ ይስጥ፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይንገር። ወደ ኮከብ ቆጣሪ የሄዳችሁም ኑ፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ልጃችሁ በሕይወት እንዳለ ወይም እንደ ሞተ አንነግራችሁም፤ አናውቅምና። ስሙን ግን በጉባኤው ፊት አንድ በአንድ እናነባለን፤ ስሙ በተነበበም ጊዜ ማኅበሩ ቆሞ ይጸልያል። ደግሞም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተ ሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ቅጹን መሙላት ለከበዳችሁ ከወጣቶቻችን አንዱ አብሮአችሁ ይሄዳል። በዚያም የልጁን ስም፥ የተወለደበትን ስፍራና የእናቱን ስም ይጠይቋችኋል። ያን ጊዜ የእናቱን ስም ሳትፈሩ ተናገሩ።